ገደልና ገድል

አማርኛችን «ገደል» እና «ገድል» የሚሉትን ሁለት ቃላት በአንዲት ፊደል ብቻ ለያይቶ አስቀምጧቸዋል። አንደኛው ሰው የሚወድቅበት ስፍራ ነው፤ ሁለተኛው የጻድቅ ተጋድሎ የተጻፈበት መጽሐፍ ነው። የዘር ግንዳቸው አንድ ይሁን አይሁን ለቋንቋ ሊቃውንት እንተወውና፣ በዚህ ጽሑፍ የምናየው በሁለቱ መካከል የቆመ ሌላ የጽሑፍ ዓይነት ነው፤ ገደል የወጣ ሰው ስለ ወጣበት መንገድ ለተከታዩ ሰው የሚያቀርበው ዘገባ። አውሮፓውያን ይህን ዘገባ ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ ሲጽፉት ኖረዋል፤ የጠብ፣ የክብርና የሐሰት ምንጭም አድርገውታል። እኛ ደግሞ ከእነርሱ በፊት ገደል ወጥተን በሌላ ቋንቋና በሌላ ልማድ መዝግበነዋል። ሁለቱ መዝገቦች እርስ በርስ ሲነባበቡ ግን እስካሁን አላየሁም። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የዘውጉን መልክ ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። አንድ ሰው ማንም ባልወጣበት የአለት ግድግዳ ላይ አዲስ መስመር ሲያወጣ ሥራው ጫፍ በመድረስ አያበቃም፤ መጻፍ ይጠበቅበታል። የአለቱን ስምና የሚገኝበትን ሸለቆ፣ ከመንገድ እስከ ግድግዳው ሥር ያለውን የእግር ጉዞ፣ ግድግዳው ፊቱን ወደየት እንዳዞረ፣ የመስመሩን ርዝመት በሜትር፣ በስንት የገመድ ልክ እንደተከፋፈለ፣ እያንዳንዱ ልክ በየትኛው የክብደት ደረጃ እንደሚመደብ፣ አለቱ ውስጥ ስንት የብረት ችንካር ተመትቶ እንደቀረ፣ በየት በኩል እንደሚወረድ፣ ቀኑንና የሰዎቹን ስም ያሰፍራል። «ቶፖ» የሚሉትን የመስመር ንድፍ ወይም በፎቶግራፍ ላይ የተሰመረ ቀጭን መስመር ያያይዛል። በልማዱ መሠረት ስም የማውጣት መብትም የእርሱ ነው።

ደረቅ ጽሑፍ ነው፤ ክብሩም ከድርቀቱ ይመጣል። ግጥም የሚጽፍ ሰው ቢያጋንን ጉዳቱ ለግጥሙ ነው። «ሁለተኛው ልክ ሃያ አምስት ሜትር ነው» ብሎ የጻፈ ሰው በአሥር ሜትር ቢሳሳት ግን፣ ከዓመታት በኋላ በእርሱ ቃል ተማምኖ አጭር ገመድ ይዞ የመጣ የማያውቀው ሰው አየር ላይ ይንጠለጠላል። ከሥነ ጽሑፍ ዘውጎች መካከል አንባቢው ሕይወቱን በቃሉ በቃል የሚያስይዝበት ሌላ ዘውግ ብዙ አላውቅም፤ ምናልባት የሐኪም ማዘዣ።

የዚህ ጽሑፍ ቤተ መዛግብት አንዱ ዙሪክ ነው። የስዊስ አልፓይን ክለብ በ1863 ኦልተን ከተማ ላይ ተመሠረተ፤ ከ1864 ጀምሮ የዓመት መጽሐፍ፣ ከ1925 ጀምሮ ደግሞ «ዲ አልፐን» የተባለውን መጽሔት ሲያወጣ ኖሯል። የክለቡ መጻሕፍት በዙሪክ ማዕከላዊ ቤተ መጻሕፍት ይቀመጣሉ። የዙሪክ ዩኒቨርሲቲ የቋንቋ ተመራማሪዎችም ከ1864 ጀምሮ ያሉትን የዓመት መጻሕፍት በኮምፒዩተር እንዲፈተሹ አድርገው አዘጋጅተዋቸዋል። በየተራራው ጫፍ በቆርቆሮ ሣጥን ተዘግቶ የሚቀመጥ መዝገብ፣ በየመጠለያው ቤትም ሌላ መዝገብ አለ። ይህ ሕዝብ ዳገቱን ከነወጪው ይመዘግባል። (ሴት ወጪዎችን ግን ክለቡ ከ1907 እስከ 1980 በአባልነት አይቀበልም ነበር። ደብረ ዳሞ ሴት አይወጣበትም ብሎ የሚገረም ስዊሳዊ ካጋጠማችሁ ይህን አስታውሱት፤ ልዩነቱ ደብረ ዳሞ ምክንያቱን ከምናኔ ሕግ ማምጣቱ ነው።)

የዙሪኩ ሊቅ ኮንራድ ጌስነር ከዚህ ሁሉ በፊት በ1555 ሉሰርን አጠገብ ያለውን የጲላጦስ ተራራ ወጥቶ ስለ ጉዞው በላቲን ጽፏል። የተራራው ታሪክ ለእኛ ሰው ደስ ይላል። የሉሰርን ሰዎች የጴንጤናዊው ጲላጦስ መንፈስ በተራራው ኩሬ ውስጥ ታስሯል፣ የነካው ሰው ማዕበል ያስነሣል ብለው ያምኑ ስለነበር መውጣት ክልክል ነበር፤ በ1387 ስድስት ካህናት ሊወጡ ሲሞክሩ ታስረዋል። እነርሱ መንፈሱን የሚፈሩትን ጲላጦስ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ከቅዱሳን ቆጥራ ታስበዋለች! ጌስነር የወጣው የከተማውን ሹማምንት አስፈቅዶ ነው። ፈቃድ መጠየቅን ወደ ኋላ ስለምንመለስበት አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ።

አሁን ወደ ጄኔቫ እንምጣ። ዘውጉ የተወለደውም የታመመውም እዚያ ነው።

በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ ስዊስ የገባ ስደተኛ ኦራስ-ቤኔዲክት ደ ሶሱርን በመልክ ያውቀዋል፤ የያኔው ሃያ ፍራንክ ላይ የታተመው የጄኔቫ ሊቅ እርሱ ነው፤ ጌስነር ደግሞ ሃምሳው ላይ ነበር። ሶሱር በ1760 ገና የሃያ ዓመት ወጣት ሳለ ሻሞኒ ሄዶ ወደ ሞን ብላን ጫፍ የሚያደርስ መንገድ ላገኘ ሰው ሽልማት እሰጣለሁ አለ። ሃያ ስድስት ዓመት ማንም አልበላውም። ነሐሴ 8 ቀን 1786 ግን የሻሞኒው ሐኪም ሚሼል ፓካርና የመስታወት ድንጋይ ለቃሚው ዣክ ባልማ አመሻሹ ላይ ጫፍ ደረሱ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ከመውጣቱ ይልቅ ያስተምራል። ጄኔቫ ውስጥ ማርክ-ቴዎዶር ቡሪ የሚባል ሰው ነበር፤ የቅዱስ ጴጥሮስ ካቴድራል የዝማሬ መሪ፣ በእኛ አነጋገር መሪጌታ፣ ከዚያም በላይ ሠዓሊና የአልፕስ ጸሐፊ። ተራራውን ደጋግሞ ሞክሮ አልሆነለትም። ዜናው በደረሰው በሳምንታት ውስጥ ደብዳቤ ጽፎ አሳተመ፤ በደብዳቤው መንገዱን ያገኘው፣ የመራውና ወደ ጫፉ የጎተተው ባልማ ሆነ፣ ሐኪሙ ደግሞ ተጎታች ሆኖ ቀረበ። ፓካር የራሱን መጽሐፍ አወጣለሁ ብሎ ገዢ ማፈላለግ ጀምሮ ነበር፤ መጽሐፉ አልወጣም፤ የእጅ ጽሑፉም አልተገኘም። ባልማ የፈረመበትን የምስክርነት ቃል በ1787 በሎዛን ጋዜጣ ቢያሳትምም የሰማው ጥቂት ነው። ቆይቶ በ1832 አሌክሳንደር ዱማ ያረጀውን ባልማን አገኘውና ከአፉ የሰማውን በልብ ወለድ ጸሐፊ ብዕሩ አሳምሮ ለዓለም አሠራጨው። ፓካር በ1827 ሞቶ ነበርና የሚመልስለት አልነበረም። በ1887 ሻሞኒ ላይ ሐውልት ሲቆም ባልማ ጫፉን ለሶሱር በጣቱ ሲያሳየው ተቀረጸ፤ ሐኪሙ የለም። የፓካር ሐውልት የቆመው መቶኛው ዓመት እንደገና መቶ ሲሞላው በ1986 ነው።

ፓካርን ያዳነው በወቅቱ ሻሞኒ የነበረ አንድ የሳክሶኒ ባላባት ነው። አዶልፍ ትራውጎት ፎን ገርስዶርፍ በዚያ ቀን በመነጽር ሁለቱን ሰዎች ሲከታተል ውሎ፣ የት እንደቆሙ፣ መቼ እንደተነሡ በሰዓት እየለየ በማስታወሻው ጻፈ፤ የሄዱበትንም መስመር በሥዕል አሰፈረ። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ማስታወሻው ሲመረመር ሁለቱ እየተፈራረቁ በገዛ እግራቸው እንደወጡ ታየ። ገርስዶርፍ ተራራውን አልወጣም፤ ሽልማትም አልፈለገም። የአዲስ መስመር ዘገባ እንዴት መጻፍ እንዳለበት ከሁሉ በፊት ያሳየው ግን እርሱ ነው ባይ ነኝ፤ ያየውን ጽፎ፣ ያላየውን ትቶ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ቡሪ ዋሽቷል ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። እኔ ግን ጥፋቱን ከሰውየው ይልቅ ከቃሉ ላይ እፈልገዋለሁ። «የመጀመሪያው» የሚለው ቃል አንድ ሰው ብቻ ይፈልጋል፤ ሁለት ሰው በአንድ ገመድም ሆነ በአንድ በትር ጫፍ ሲደርስ ቃሉ አንደኛውን እስኪያወርድ አያርፍም። በ1953 ኤቨረስት ላይ ይኸው ሆነ። ቴንዚንግና ሂላሪ «እግሩን ያስቀደመ ማነው?» በሚል ጥያቄ ሲዋከቡ ቆይተው፣ ቴንዚንግ በ1955 ባወጣው የሕይወት ታሪኩ ሂላሪ ጥቂት እርምጃ ቀድሞት እንደነበር ተናግሮ ገላገላቸው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ ግንቦት 28 ቀን 1952፣ ይኸው ቴንዚንግ ከጄኔቫው ሬይሞን ላምቤር ጋር ወደ 8,600 ሜትር ገደማ ደርሶ ተመልሷል። ሁለቱ የጋራ ቋንቋ አልነበራቸውም ማለት ይቻላል። ተጓዦቹ የጄኔቫ ሰዎች ሲሆኑ ጉዞውን ያደራጀው ዙሪክ ያለው የስዊስ የተራራ ምርምር ድርጅት ነበር። ስለዚያ ጉዞ የሚወራው ወሬ በአንጻሩ የዋህ ነው፤ ጫፍ ስላልደረሱ «የመጀመሪያው» የሚለው ቃል ሊያጣላቸው አልቻለም።

ማስረጃ የማጣት ነገርም አለ። ስዊሳዊው ዑሊ ሽቴክ በ2013 የአናፑርናን ደቡብ ግድግዳ ብቻውን ወጣሁ ሲል ካሜራው ጠፍቶበት ስለነበር የጫፍ ፎቶግራፍ አልነበረውም። በ2014 ታላቁን የተራራ ሽልማት ተሸለመ፤ ጥርጣሬው ግን በ2017 ኑፕትሴ ላይ እስከ ሞተበት ቀን ተከተለው፤ ከሞተ በኋላም አልተወውም። ይህን የማነሣው ሰውየውን ለመዳኘት አይደለም። ዘውጉ በመጀመሪያ በሰው ቃል ላይ የቆመ እንደነበር፣ ቃል ሲረክስ ደግሞ ወደ ፍርድ ቤት መዝገብነት እንደሚለወጥ ለማሳየት ነው።

የስደት አንባቢ ይህን ዓይነት መዝገብ ከማንም በላይ ያውቀዋል። በዚህ አገር ጥገኝነት የጠየቀ ኢትዮጵያዊ ሁሉ የመስመር ዘገባ አቅርቧል። ከየት ተነሣህ፣ በየት በኩል አለፍህ፣ በየትኛው ቀን፣ ከማን ጋር፣ በምን ተሻገርህ፣ ምን ማስረጃ አለህ? ቃሉ በአስተርጓሚ ተመልሶ ይነበብለታል፤ ገጽ በገጽ ይፈርማል። በሁለተኛው ቃለ መጠይቅ ላይ አንድ ቀን ቢዛነፍ መንገዱ ሁሉ እንዳልተሄደ ሊቆጠር ይችላል። ተራራ ወጪው ስሙ እንዲጻፍለት ይጽፋል፤ ስደተኛው ስሙ እንዳይሰረዝበት ይናገራል። የሚጠየቁት ጥያቄ ግን አንድ ነው ለማለት ጥቂት ይቀራል። ስለዚህ የእኛ ሰው «ይህ የፈረንጅ ጨዋታ ምን አገባን» ቢል አልቀበለውም።

ወደ አገራችን ስንመለስ መዝገቡ ይገለበጣል። ራስ ደጀንን ስለ መውጣት የውጭ መጻሕፍት የሚጠቅሱት በ1841 የወጡትን ሁለት የፈረንሳይ መኮንኖች፣ ፌሬንና ጋሊኒዬን ነው። ጠንቃቃው ጸሐፊ «የተመዘገበው የመጀመሪያ» ይላል፤ ችኩሉ «የመጀመሪያው» ብሎ ያልፋል። በዚያው ተራራ 4,300 ሜትር ገደማ ላይ የድሮ ምሽግ ፍርስራሽ አለ፤ እረኛውም መንጋውን እየነዳ ከፍ ብሎ ይወጣል። ምሽግ የሠራ ሰው ከምሽጉ በላይ ያለውን ጫፍ ሳያይ ቀረ ማለት የወታደርን ጠባይ አለማወቅ ነው። «የተመዘገበው» የምትለው ቃል ትንሽ ብትመስልም አንድን ሕዝብ ከተራራው ላይ ከመፋቅ የምታድነው እርሷ ናት።

የእኛ መዝገብ ግን ባዶ አልነበረም። ገድለ አቡነ አረጋዊን እንደ መስመር ዘገባ አድርገን እናንብበው፤ ይህን ስል ቅድስናውን ለመንካት አይደለም፣ በውስጡ ያለውን የመረጃ ሥርዓት ለማየት ነው። የወጣው ሰው ስም አለ። ቦታው ደብረ ዳሞ ነው። ዘመኑ በንጉሥ ይለካል። የመውጫው ዘዴም ተነግሯል፤ ጻድቁ የወጣው ዘንዶ ተሸክሞት ነው፣ ቅዱስ ሚካኤልም ሰይፉን መዝዞ ዘንዶውን ይጠብቃል። ሠዓሊዎቻችን ይህን ትዕይንት በየቤተ ክርስቲያኑ ሲስሉት ዘንዶውን ከገደሉ ጫፍ እስከ ሥሩ ዘርግተው ያሳዩታል፤ የቶፖ ቀጭን መስመር ከዚህ የተለየ ሥራ የለውም። ከዚያም በትውፊት እንደሚነገረው ንጉሥ ገብረ መስቀል ቤተ ክርስቲያኑን ለማሠራት መወጣጫ አስደርጎ ነበር፤ ሥራው ሲያልቅ ጻድቁ መወጣጫውን አፍርሰው ሲሉ «ዳሕምሞ» አሉ፣ የቦታውም ስም ከዚህ ወጣ ይባላል። አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ቢል እወዳለሁ። ዛሬ በአውሮፓ የገደል ወጪዎች የሚጨቃጨቁበት ትልቁ ጉዳይ በአለት ላይ የተመታ ችንካር ይቅር ወይስ ይነቀል የሚለው ነው። የእኛ ትውፊት መልሱን በቦታው ስም ውስጥ አስቀምጦታል፤ መርጃው ይነሣ፣ ገደሉ ገደል ሆኖ ይቅር።

የቀረው ገመድ ነው። ወደ 15 ሜትር የሚጠጋውን ግድግዳ የሚወጣ እንግዳ አንዱን ጠፍር ወገቡ ላይ ያስራል፣ ሌላውን በእጁ ጨብጦ እግሩን በአለቱ ላይ እያሳረፈ ይወጣል፤ ከላይ ያለው መነኩሴ የወገቡን ጠፍር እየሰበሰበ ይይዘዋል። የሳሌቭ ገደል ላይ፣ ጄኔቫ አፍንጫ ሥር፣ ልጆች ዛሬ የሚማሩት ዘዴ በመሠረቱ ይህ ነው። ፈረንሳይኛ አለት መውጣትን የሚጠራበትን ቃል እንኳ ያገኘው የጄኔቫ ወጣቶች በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ይለማመዱበት ከነበረው «ቫራፕ» ከሚባል የሳሌቭ ሸንተረር ነው። እኛ ደግሞ የራሳችንን ቃል ከዳሞ ሳናወጣ ቀርተናል።

ገርዓልታ ላይ ያለው አቡነ የማታ ጉህ ከዳሞ ይለያል፤ ገመድ የለም። ካህናቱ፣ ምእመናኑ፣ ክርስትና የሚያስነሡ እናቶች ሕፃናቸውን አዝለው፣ ጫማቸውን አውልቀው፣ በዘመናት ብዛት የእጅና የእግር ማረፊያ በሆኑ ጎድጓዶች እየረገጡ ቀጥ ያለውን አለት ይወጣሉ፤ በመጨረሻም ከታች በመቶዎች ሜትር የሚገመት ባዶ ባለበት ጠባብ ጠርዝ አልፈው በአሥራ አምስተኛው ክፍለ ዘመን ሥዕል ወዳጌጠው ዋሻ ይገባሉ። አዘውትረው የሚወጡት ሰዎች የክብደት ደረጃ አላወጡለትም። አውሮፓ ውስጥ ስድስተኛው ደረጃ የሰው ልጅ አቅም ወሰን ተብሎ ለአሥርተ ዓመታት ሲቆጠር፣ ልኩም ወደ ላይ የተከፈተው በ1970ዎቹ መጨረሻ ሲሆን፣ እዚህ መለኪያው ሕፃኑ በአርባና በሰማንያ ቀኑ መጠመቁ ነው።

በ2000ዎቹ የውጭ ገደል ወጪዎች ወደዚህ የአሸዋ ድንጋይ መጡ። ከጄኔቫ ሐይቅ በላይ ባለችው ሌይዛን ከተማ የተራራ ትምህርት ቤት ለብዙ ዓመታት የመራው እንግሊዛዊው ፓት ሊትልጆን ከእነርሱ አንዱ ነው፤ አሜሪካዊቷ ማይካ በርሃርት ደግሞ ስለ ገርዓልታ ጉዞዋ «ቨርቲካል ኢትዮጵያ» የተባለውን መጽሐፍ በ2008 አዲስ አበባ በሻማ ቡክስ አሳተመች። አገር ውስጥ መታተሙ የሚያስመሰግን ነው፤ በአማርኛም በትግርኛም አለመታተሙ ግን መጽሐፉን የገርዓልታ ሰው ስለ ራሱ ግድግዳ ሊያነብበው የማይችል አድርጎታል። ፍትሕን ለመጠበቅ ያህል አንድ ነገር መባል አለበት። የካህኑ መንገድና የባለገመዱ መስመር አንድ አይደሉም። እነዚህ ሰዎች ከወጡባቸው ስንጥቆችና ማማዎች ብዙዎቹን ካህኑም እረኛውም የሚወጣበት ምክንያት አልነበረውም፤ በእነዚያ ላይ «መጀመሪያ ወጣን» ቢሉ ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ የዘውጉ ልማድ ያልተጻፈን ሁሉ ያልተደረገ አድርጎ ማንበቡ ላይ ነው። «ድንግል ጫፍ» የሚለውን አነጋገር ተመልከቱ። ሥሩ ቤተ ክርስቲያን፣ ወገቡ ላይ የመነኩሴ ዋሻ ያለውን አምባ «ድንግል» የሚል ሰው መነኩሴውን ከሰው አልቆጠረውም።

ከኅዳር 2020 እስከ ኅዳር 2022 በትግራይ የነበረው ጦርነት ይህን ጉዳይ የመዝናኛ ጨዋታ ብቻ እንዳይሆን አድርጎታል። የአንድ አምባ መንገድ በአሥር ሽማግሌዎችና በጥቂት ካህናት ራስ ውስጥ ብቻ ሲኖር፣ ሰዎቹ ሲሞቱ ወይም ሲበተኑ መንገዱ አብሮ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው የባዕድ ዘገባ፣ ጸሐፊው ቅን ቢሆንም እንኳ፣ ብቸኛው መዝገብ ሆኖ ይቀራል። ፓካርን ገርስዶርፍ አድኖታል፤ እኛስ በመነጽር የሚያይልን ማን አለን?

ስለዚህ ስለ አዘጋገቡ የማስበውን ልናገር። በአገራችን አለት ላይ አዲስ መስመር አወጣሁ የሚል ሰው፣ ፈረንጅም ይሁን በዙሪክ የቤት ውስጥ ግድግዳ የሠለጠነ የእኛው ልጅ፣ ከሜትሩና ከደረጃው በፊት የአለቱን ስም ከአካባቢው ሰው ጠይቆ በግዕዝ ፊደል ይጻፍ፤ ከአንድ በላይ ስም ካለ ሁሉንም። ማንን እንዳስፈቀደ ያስፍር፤ ጌስነር የሉሰርንን ሹማምንት ካስፈቀደ እኛ ደብሩን ማስፈቀድ አያሳፍረንም። የጫፉን ታሪክና የመስመሩን ታሪክ ለያይቶ ይመዝግብ፤ መስመሩ የእርሱ ሊሆን ይችላል፣ ጫፉ ግን የሌላ። ችንካር ከመታ ቁጥሩን ይንገር፤ ባይመታ ደግሞ ይመረጣል፤ የአሸዋ ድንጋይ ችንካርን እንደ ጥቁር ድንጋይ አይዝም፣ ዝናብ በጠጣ ጊዜ ደግሞ ይባስ ይላላል። ስም ሲያወጣም የፍቅረኛውን ወይም የዘፈን ስም በደብር ግድግዳ ላይ ባይለጥፍ ደስ ይለኛል፤ ይህ የኔ ጣዕም ነው፣ ሌላው ላይስማማ ይችላል።

ለሙከራ ያህል የአቡነ የማታን መንገድ በዚህ ቅርጽ ልጽፈው ሞከርሁ። ቦታ፦ ገርዓልታ፣ ትግራይ። ስም፦ አቡነ የማታ ጉህ። አለት፦ የአሸዋ ድንጋይ። መርጃ፦ የለም፤ በእጅና በእግር የተቦረቦሩ ማረፊያዎች አሉ። ጫማ፦ ይወልቃል። ፈቃድ፦ ከደብሩ ካህናት። አወራረድ፦ በመጡበት። ቀኑን የሚጠይቀው መስመር ላይ «የተጻፈ የለም» አልሁ። መጀመሪያ የወጣውን ስም በሚጠይቀው መስመር ላይ የጻድቁን ስም ጻፍሁና ከጎኑ «እና ሥዕሎቹን የሣለው፣ ቀለሙንም የተሸከመለት» ብዬ ጨመርሁበት። የእንግሊዝኛው ቅጽ ለዚህ መስመር የተወው ቦታ ሁለት ስም ብቻ ይይዛል፤ ትርፉን በኅዳጉ ላይ ጻፍሁት።